ደብረ ማርቆስ ላይ ሆም ቴአትሩን ምን ነካው?

አውቶብሱ ጎሃ ጽዮንን አልፎ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ የሰው ሁሉ ጆሮ ይደፈናል። ደጀን ላይ ሲወጣ ይከፈታል። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ማርቆስ የሚደርስ ሰው እንግዲህ ጆሮውን አስፈትኖ ነው የሚገባው። ጥንት መንቆረር ትባል የነበረችው ይህች የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማ ደግሞ ጆሮ ያለው ሰው ትወዳለች። የቅኔ አገር ነዋ! አንዲት ቃል ያመለጠችው ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሎ ይሄዳል።

ታዲያ እንዲህ ባለ አገር ፊልም ከፍቶ ንግግሩን አለመስማት እንዴት ያናድዳል መሰላችሁ! ባለፈው ክረምት ያረፍኩበት ቤት ልጅ (ስሙ ይቆየን) ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ብር አፍስሶ ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቴአትር ከነሳብዉፈሩ ገዝቷል። ሲከፍተው ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ ተዋናዮቹ ግን በርሜል ውስጥ ገብተው የሚያወሩ ይመስላሉ። እናቱ «ወይ እሱ ወይ እኔ!» ብለዋል። ልጁም «ሸወዱኝ» ብሎ በግማሽ ዋጋ የሚገዛው ሰው ቀጥሯል።

እንዴ! ዕቃው ምን አጠፋ? ሳሎኑ መሃል ቆሜ አንዴ አጨበጨብኩ። እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት። እጃችሁ ካረፈ በኋላ የሚንጫጫ ነገር ከቀረ ጥፋቱ የክፍሉ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል እየተጓዘ ከሲሚንቶው ወለልና ኮርኒስ ከሌለው ቆርቆሮ ተመልሶ ቀጣዩ ቃል ላይ ይከመራል። ድምፁን ብትጨምሩ የምትጨምሩት ክምሩን ነው።

መድኃኒቱ ጎጃም ውስጥ ሞልቷል። ወለሉ ላይ አጎዛ አነጠፍን። ከመቀመጫው ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ የእማማን ባና ሰቀልን፤ ወፍራም ሱፍ ድምፅ ይውጣል። ከዚያ ወደ ስፒከሮቹ። ልጁ አምስቱንም እንደ ሱቅ ቡፌው ላይ ደርድሯቸዋል፣ ብርጭቆው አብሮ ይዘፍናል! ንግግር የሚወጣበትን የመሃሉን ከቴሌቪዥኑ ሥር አደረግነው። የፊት ሁለቱን የተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ላይ፣ እርስ በርስ የሚራራቁትን ያህል ከሰውየውም አራቅናቸው። ሁለቱን ወደ ኋላ። ሳብዉፈሩ ጥግ ተወሽቆ ነበር፤ ጥግ ደግሞ ጉርምርምታ ያሳብጣል፣ ጎትተን አወጣነው። የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገላብጦ ስለነበር እሱም ተስተካከለ።

«የኋላዎቹ ከሪሲቨሩ ጋር ዝም ይላሉ፣ ተበላሽተዋል» ያለውስ? ቀዩና ነጩ ገመድ የሚያመጣው ሁለት መስመር ብቻ ነው። አምስቱም ከሪሲቨሩ የየራሳቸውን ድምፅ እንዲያገኙ አምስቱን የያዘ ፊልምና ዲጂታል ገመድ ያስፈልጋል።

ማታ እማማን መሃል አስቀምጠን የአማርኛ ፊልም ከፈትን። ድምፁ ከቀድሞው ግማሽ አይሞላም። ሁለቴ ሳቁ፤ አንዴ «ዝም በሉ፣ ልስማበት!» አሉን። ገዢው በማግስቱ ሲመጣ በር ላይ የመለሱት እሳቸው ናቸው። ባናቸውን ግን አስመልሰዋል፣ የማርቆስ ሌሊት ብርድ ነዋ! ልጁ ሌላ ሊገዛ ነው።

የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግን አትታገሉ። ከዝናቡ በላይ ላሰማ ብሎ እስኪንቻረር መጨመር ስፒከር ማቃጠል ነው። መብራት ሲሄድም ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ አንዳንዴ በኃይል ነው የሚመጣው።