ዓባይ በረሃ ከመውረዳችሁ በፊት ፍሬናችሁን አድምጡ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በመኪና የሄደ ቤተሰብ ከሁሉ በላይ የሚያስታውሰው ዓባይ በረሃን ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደጋውንም ቆላውንም በአንድ ጊዜ ያሳያችኋል። ጎሃ ጽዮን ላይ ጃኬታቸውን የቆለፉ ልጆች ድልድዩ ጋ ሲደርሱ “መስኮት ክፈቱልን” ይላሉ። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችሁ ያንኑ ያህል መልሳችሁ ትወጣላችሁ። በዚህ ሁሉ ጠመዝማዛ መሐል ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መሪው እጃችሁ ላይ ቢንቀጠቀጥ ግን ገደሉን እንጂ ውበቱን አታዩም።

ደግነቱ መንገዱ አስቀድሞ መፈተኛ ሰጥቷችኋል። እንጦጦን አልፋችሁ ወደ ሱሉልታ ስትወርዱ ከኋላችሁ መኪና አለመኖሩን አረጋግጡና ከፍጥነታችሁ ቀስ እያላችሁ ለመቀነስ ፍሬን ያዙ። መኪናው ከተንቀጠቀጠ ፔዳሉን ልቀቁት። ስትለቁት ንዝረቱ ወዲያው ከቆመ ነገሩ ያለው ፍሬኑ ላይ ነው። ፍሬን ሳትነኩም ከቀጠለ ጎማውን፣ ቸርኬውንና ባላንሱን ጠርጥሩ። ንዝረቱ መሪው ላይ ከጎላ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከፊት ነው፤ መቀመጫውና ወለሉ ላይ ከተሰማችሁ ደግሞ ወደ ኋላ እግር ተመልከቱ። በድንገት አጥብቃችሁ ስትረግጡ ብቻ ፔዳሉ እግራችሁን ቶሎ ቶሎ የሚገፋው ከሆነ ግን ያ የኤቢኤስ ሥራ ሊሆን ስለሚችል አያስደንግጣችሁ።

ጋራዥ ስትሄዱ “ዲስኩ ተጣሟል” መባሉ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የዲስኩ ውፍረት ዙሪያውን እኩል አለመሆን ነው። ልዩነቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ሳይሞላ እጃችሁ ላይ ይሰማል። ረጅም ቁልቁለት ላይ እግርን ከፍሬን አለማንሳት ዲስኩን ያግለዋል፤ በጋለበት ቆማችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ ስትይዙት የሸራው ቅሪት አንድ ቦታ ላይ ይጣበቃል። ጎሚስታው ቡሎኖቹን አንዱን አጥብቆ ሌላውን አላልቶ ሲያስርም ዲስኩ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም።

ሱሉልታ ላይ ንዝረቱን ካረጋገጣችሁ መመለስ የሚያስከፍላችሁ ጥቂት ሰዓት ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ ብትወስኑ ግን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃችኋል፤ ልጆቹ ደክመዋል፣ የሆቴሉ ቀጠሮ ይጠራችኋል፣ “እስካሁን ደርሰናል፣ እንቀጥል” የሚለው ሐሳብም ይበረታል። ስለዚህ ውሳኔው ሱሉልታ ላይ ይለቅ።

መኪናችሁ ደህና ከሆነ ሜዳውን እየተዝናናችሁ ሂዱ። ወደ ደብረ ሊባኖስ ጎራ ካላችሁ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ልጆቹን ያስደስታሉ። ጎሃ ጽዮን ስትደርሱ ሻይ ጠጡ፣ መኪናውም ይረፍ፤ ጎማዎቹንና ቡሎኖቹን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ቁልቁለቱን የምትጀምሩት በከባድ ማርሽ ነው። አውቶማቲክ ከሆነ በኤል ወይም በ2 አድርጉት፤ ማርሽ አውጥቶ መንዳት ግን በጭራሽ አይሞከር። ሞተሩ ይያዝላችሁ፤ ፍሬኑን ለአጭር ጊዜ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁት፣ አየር ያግኝ። ከባድ መኪና ፊታችሁ ካለ ርቀት ስጡት። አስፋልቱ መሬቱ ስለሚንሸራተት በየቦታው ያበጠና የሰመጠ ነውና የመንገዱን መንገጫገጭ ከፍሬን ንዝረት ለዩ፤ እዚህም መለያው ፔዳሉን መልቀቅ ነው።

የመቃጠል ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ወደ ታች ከገባ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፤ ልጆቹን ከመንገዱ አርቁ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አትድፉ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፔዳሉ ሲበርድም ካልጠነከረ መካኒክ ይምጣ እንጂ እናንተ አትውረዱ።

ታች የምታገኙት በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ነው። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው፤ አሮጌው ድልድይም ከጎኑ ይታያል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቁ።

ጥገናውን በተመለከተ፣ ጋራዥ ስትገቡ “ሸራ ቀይሩልኝ” ብላችሁ አትጀምሩ። ምልክቱን ተናገሩ፦ መሪው ነው ወይስ ወለሉ? ፍጥነቱ ስንት ሲሆን? መካኒኩ የዲስኩን ውፍረትና ሲዞር መወላገዱን በመሣሪያ ይለካ፤ ኩሽኔታውንም ይፈትሽ። ዲስኩ ብዙ ካላለቀ ቶርኖ ቤት ገብቶ ሊስተካከል ይችላል፤ ከዝቅተኛው ውፍረት በታች ከሆነ ግን መቀየር አለበት። የሚቀየረው ግራና ቀኙ አብሮ ነው፤ ሸራውም አዲስ ይሁን። ዲስኩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያለው ዝገት ካልጸዳ አዲሱም ይንቀጠቀጣል። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረም ጠይቁ፤ እርጥበት የገባበት ዘይት በቁልቁለት ሙቀት ፈልቶ ፍሬን ሊያሳጣ ይችላል።

ዕቃውን ሶማሌ ተራም ግዙት ሌላ ቦታ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተያዩ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ “ኦሪጅናል” የሚለው ቃል ካርቶን ላይ ለመታተም ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን እዩ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ።

ይህን ሁሉ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ጨርሱ። አዲስ ሸራና ዲስክ እስኪላመዱ በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ መንዳት ያስፈልጋል። በመነሻችሁ ዋዜማ የመንገዱን ደኅንነት አጣሩ፣ በጠዋት ተነሱ፣ ዓባይን በብርሃን ተሻገሩ። ደጀን ስትወጡ ቆም በሉና የመጣችሁበትን ጠመዝማዛ ለልጆቹ አሳዩአቸው።