ከሱጁድ ሲነሳ



በራቤል የወንድ ልጅ ጤና የሚታወቀው በበግ ጥበቃ ላይ ነው። በጉ ወደ ገደል ሲያመራ ሮጦ የሚመልስ ልጅ ጤነኛ ይባላል። የእኛ ልጅ ስድስት ዓመት ሞልቶትም ይህን አልቻለም። ያለ እንቅፋት ይወድቃል፣ ዳገት ላይ ወደኋላ ይቀራል። ባቱ ግን ወፍራምና ጠንካራ ስለሚመስል ስንፍና ነው አልን። ተቆጥተነዋል፤ እጃችንን ያነሳንበትም ቀን አለ። አያቱ ደግሞ «የሰው ዓይን ነው» ይሉ ነበር።

ዓይናችንን የገለጠልን ሶላቱ ነው። ከሱጁድ ሲነሳ በመጀመሪያ ወገቡን ወደ ላይ ያነሳል፤ ቀጥሎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያም ጭኑ ላይ እያሳረፈ፣ መሰላል እንደሚወጣ ሰው በገዛ እግሮቹ ላይ ተንጠላጥሎ ይቆማል። የቁርአን ቤት ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር። በመሀል ሜዳና በደብረ ብርሃን አድርገን አዲስ አበባ ስንደርስ፣ ዶክተሯ ከመሬት ሲነሳ አንድ ጊዜ አይተውት ዝም አሉ። ይህን አነሳስ እንግሊዛዊው ሐኪም ጋወርስ በ1879 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። ከምርመራው በኋላ በሽታው ዱሼን የሚባለው፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያመነምነው እንደሆነ ተነገረን። ጡንቻን ከጉዳት የሚጠብቀው ዲስትሮፊን የተባለ ፕሮቲን በሰውነቱ የለም። የሚይዘው በአብዛኛው ወንዶችን ሲሆን፣ ጉድለቱ ከእናት ሊወረስ ወይም ያለ ውርስ በልጁ ላይ ሊጀምር ይችላል። እናቱ ይህን ሰምታ ራሷን ከሰሰች። ጥፋቷ እንዳልሆነ እስክናሳምናት ወራት ፈጀብን።

መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎን ነው፤ በሽታውን ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። መዘግየቱ የሚታወቀው ደግሞ በመለካት ነው። ሐኪሞች ልጁ በ6 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚራመድ ይለካሉ። ነገር ግን ከራቤል ድረስ በመኪና ሲንገላታ መጥቶ፣ ፈርቶና ደክሞ የሚራመድ ልጅ ቤቱ ውስጥ የምናውቀው ልጅ አይደለም!

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አለመሆኑን የተረዳነው ኋላ ነው። በለንደን ተመራማሪዎች ሴንሰር ያለበት ልብስ 21 የዱሼን ሕሙማን ልጆችን አልብሰው፣ ሲጫወቱና ምሳ ሲበሉ ሳይቀር እንቅስቃሴያቸውን መዝግበዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ኮምፒዩተሩ ከዚያ እንቅስቃሴ ተነስቶ በሽታው ወደፊት እንዴት እንደሚሄድ ሊተነብይ መቻሉን አሳይተዋል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም ቁርጭምጭሚት ላይ በሚታሰር መሣሪያ የሚገኘውን፣ የልጁን ፈጣን እርምጃዎች ፍጥነት፣ በዚያው ዓመት ለመድኃኒት ሙከራ ዋና መለኪያ እንዲሆን ተቀብሎታል። ልጅን በሚኖርበት ቦታ መለካት ማለት ይህ ነው።

ያ ልብስ ራቤል የለም። ስልክ ግን አለን። ዶክተሯ «በየወሩ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከጎን በኩል ቅረጹት» አሉን። ስልኩን በርጩማ ላይ እናቆመዋለን፤ ልጁ ከአጎዛው ላይ ይነሳል፤ ሰከንዱን እንቆጥራለን። መጀመሪያ ሶላቱን ራሱን እንቀርጽ ነበር። አንድ ቀን «አላህ ፊት ስቆም አትቅረጹኝ» አለን። አፈርን። ከዚያ ወዲህ የምንቀርጸው ዱዓውን ጨርሶ፣ እንደገና ተቀምጦ ሲነሳ ነው።

በጥቅምት 5 ሰከንድ ነበር። በሚያዝያ 8 ሆነ። በየቀኑ አብረነው እየዋልን ለውጡ አልታየንም ነበር፤ ሁለቱን ቪዲዮ አከታትለን ስናይ ግን እናቱ ተነስታ ወጣች። ዶክተሯ ቪዲዮውን አይተው የመድኃኒቱን መጠን ከክብደቱ ጋር አስተካከሉለት፤ ቁርጭምጭሚቱ እንዳይደርቅ ማታ ማታ የምናሳስብበትንም መንገድ አሳዩን።

ኡስታዙ መቆም ሲያቅተው ተቀምጦ መስገድ እንደሚችል ነግረውታል። «ገና እችላለሁ» ይላል። ባለፈው ወር ተነስቶ ከቆመ በኋላ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ስንት ሆነ?» ብሎ ጠየቀን። ተያየን፤ ከዚያ እውነቱን ነገርነው።