እስቲ ስለ ፖሊስተሩ እናውራ

ኮልፌ ላደገ ሰው ሳልባጅ ምን እንደሆነ አይነገረውም። መንገድ ዳር ሸራ ተነጥፎ ክምሩ ሲገለበጥ፣ ሻጩ «ልቃሚ ነው! ኦሪጅናል ነው!» እያለ ሲጣራ እየሰማን ነው ያደግነው። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል ቢሆንም፣ ቦንዳው በጅግጅጋ በኩል እየገባ የሰፈሩን ሰው ሲያለብስ ኖሯል። አሁን ደግሞ የፈረንጆቹ የሰማንያዎቹና የዘጠናዎቹ ጃኬት፣ ማሊያና አበባማ ሸሚዝ «ቪንቴጅ» ተብሎ በቴሌግራም ይሸጣል። እናቶቻችን ሳጥን ውስጥ ያኖሩት የናይለን ቀሚስም ከልጆቻቸው ገላ ላይ መታየት ጀምሯል። እኔ ደስ ይለኛል። ደህና ልብስ ተጥሎ ከሚቀር ቢለበስ ይሻላል።

ግን ስለ ሳልባጅ ጤና ሲነሳ ሁሌ የምንሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የሞተ ሰው ልብስ ነው፣ ቅማልና እከክ ያመጣል»። ይህን የሚሉ ሰዎች ዝም ብለው አልፈሩም። ግርሻና ተስቦ በልብስ ቅማል የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው፣ አገራችንም በደንብ ታውቃቸዋለች። ቢሆንም መፍትሔው እጃችን ላይ ነው። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከወጣ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም። ቅማል ስፌቱ ውስጥ ተደብቆ እንቁላሉን እዚያው ይጥላል፤ ደም ካላገኘ ግን በሳምንት ገደማ ይሞታል። የፈላ ውሃ የሚችለውን ልብስ በፈላ ውሃ መዘፍዘፍ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት፣ ወይም ሙቅ ውሃ ቅርጹን ለሚያጠፋው የአክሪሊክ ሹራብ ደግሞ ፌስታል ውስጥ ጥብቅ አድርጎ አስሮ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይበቃል።

ታጥቦ የማይወጣው ራሱ ጨርቁ ነው። ሰው የሚያወራለት ብዙም ስለሌለ ነው ይህን የምጽፈው።

ናይለን እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ ፖሊስተር በ1941 እንግሊዝ አገር የተገኙ ከነዳጅ ዘይት የሚሠሩ ክሮች ናቸው። አይጨማደዱም፣ ቶሎ ይደርቃሉ፣ ብል አይበላቸውም፤ ስለዚህም ነው እስከ ዛሬ የቆዩልን። ችግራቸው ላብ ላይ ነው። 100 ግራም ጥጥ ከአየር ላይ ከ7 እስከ 8 ግራም እርጥበት ይይዛል፤ ያው መጠን ፖሊስተር ግን ግማሽ ግራም አይሞላም። የእኛን ሰፈር አየር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጠዋት በብርዱ ጃኬቱን ለብሳችሁ ከአየር ጤና ታክሲ ትሳፈራላችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ያቀልጣል፣ ላቡ መሄጃ አጥቶ ጀርባችሁ ላይ ይቀራል፣ ማታ ያ እርጥበት መልሶ ያንዘፈዝፋችኋል።

ሽታውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ስፖርት ከተሠራ በኋላ የፖሊስተር ልብስ ከጥጥ ይልቅ መጥፎ ሽታ እንደሚያመጣ አሳይተዋል፤ ሽታ የሚፈጥሩት አንዳንድ ባክቴሪያዎች ፖሊስተር ላይ በደንብ ይራባሉ። ታጥቦ ወጥቶ በሰዓታት ውስጥ የሚሸተው ወጣት ንጽሕና የጎደለው እየመሰለው ሲሸማቀቅ ሳይ ያንገበግበኛል። ሸሚዙን ይቀይር፣ ወይም ከሥሩ የጥጥ ካናቴራ ይልበስ።

ካናቴራው ሌላም ጥቅም አለው። የፖሊስተር ቀለም፣ በተለይ ጥቁር ሰማያዊው፣ አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል። ሽፍታው የሚወጣበት ቦታ ራሱ ይናገራል፤ ልብሱ የሚፈትገው የብብት ዙሪያ፣ አንገት፣ ወገብ፣ የጭን ውስጥ ነው። ስትገዙ ነጭ እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ገበሩን አሸት አድርጉት፤ ቀለም ከለቀቀ ገላችሁም ላይ ይለቃል። ልብሱን ትታችሁ ሽፍታው ካልጠፋ ዘነበወርቅ ቅርባችን ነው። አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ተብሎ ቢቋቋምም ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ሕመም የሚኬድበት ቤት ነው። ከመንገድ ላይ የገዛችሁትን ቅባት ከመቀባታችሁ በፊት እዚያ ታዩ።

ሳጥን ውስጥ ስለቆዩት ልብሶች አንድ ነገር ልጨምር። እናቶች ብል እንዳይበላው ብለው ናፍታሊን ጣል ያደርጋሉ። ሱፍ ከሆነ እሺ፤ ናይለንን ብል ስለማይበላው ጥቅሙ ምንም ነው። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። በተፈጥሮ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ጨቅላዎች በናፍታሊን የተቀመጠ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሲለብሱ ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስና ዓይናቸው ቢጫ ሊሆን ይችላል። ለአራስ ቤት የሚወጣ ልብስ ቀድሞ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ብዙ ቀን ይሰጣ። ናፍታሊን የሚሸት ከሆነ ሕፃኑ አይልበሰው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ እሳት ነው። ከልብሱ ጠርዝ አንድ ክር መዛችሁ ከቤት ውጭ ክብሪት ጫሩበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠንካራ ጠብታ ይቀራል። ያ ጠብታ ትኩስ እያለ ቆዳ ላይ ቢያርፍ ይጣበቃል። የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኞች ኢራቅ ውስጥ ከሰፈራቸው ሲወጡ ሰው ሠራሽ የስፖርት ልብስ እንዳይለብሱ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከለከሉት በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ቤት ጦርነት የለም፣ የከሰል ምድጃ ግን አለ። ቡና የምታፈላ እህቴ በሽፎን ቀሚስ፣ ሰፊ እጅጌ ባለው አባያ ወይም በናይለን ሻርፕ ከፍሙ አጠገብ ስትቀመጥ ልቤ አብሮ ይቀመጣል። ለዚያች ሰዓት የጥጥ ቀሚስ ልበሱ፣ እጅጌውን ሰብስቡ፣ ሻርፑን ወደ ኋላ እሰሩት።

ክፉ ቀን ከመጣ ደግሞ የጥርስ ሳሙናም ሊጥም አትቀቡ። ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ አፍስሱበት፤ ያልተጣበቀውን ልብስ አውልቁ፣ ቆዳ ላይ ቀልጦ የተጣበቀውን ግን አትንኩት፣ ሐኪም ያንሳው። ለቃጠሎ ሕክምና አዲስ አበባ ውስጥ የሚታወቀው የካቲት 12 ሆስፒታል ነው።