ጥይት በአገር ቤትና በውጭ አገር፦ ለረጅም ርቀት የዒላማ ተኩስ የሚመረጠው የትኛው ነው?

በኢትዮጵያ፣ በተለይም በደጋው ገጠር፣ ጠመንጃ የክብር፣ የቤት ጥበቃና የውርስ ዕቃ ሆኖ በመኖሩ፣ ስለ ጥይት የሚነሣው ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ በጉልበቱና በሚደርስበት ርቀት ላይ ያተኩራል። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ወረቀት ላይ የተሣለ ክብ ከሩቅ የሚመታበት የዒላማ ተኩስ ራሱን የቻለ ስፖርት በመሆኑ፣ ጥይት የሚመዘነው ሃያኛው ተኩስ ከመጀመሪያው ምን ያህል ይርቃል፣ ነፋስስ ምን ያህል ይገፋዋል በሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ነው። ሁለቱ ልማዶች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ለዒላማ የሚበጀው ብርቱው ጥይት ሳይሆን ጠባዩ የማይለዋወጠው እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

በአገር ቤት ጥይት ጠመንጃውን ይከተላል እንጂ ጠመንጃ ጥይቱን አይከተልም፤ ባለጠመንጃው በእጁ ለገባው መሣሪያ የሚስማማውን ይፈልጋል እንጂ ለሥራው የሚስማማውን ጥይት አስቀድሞ አይመርጥም። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ፣ 11 ሚሊሜትር ውፍረትና 25 ግራም ያህል ክብደት ያለውን አረር በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይወረውር የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የገባው ቤልጅግ ደግሞ 7.92 ሚሊሜትር የሆነውን ቀጭንና ፈጣን አረር ይጠቀማል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአንዳንድ የኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ እንዲህ ባለ ልማድ ውስጥ ለልምምድ ብሎ መቶ ጥይት መተኮስ ገንዘብ ከመበተን አይለይም። የውጭው ስፖርት ግን የሚጀምረው በትክክል ከዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ያልተኮሰ ሰው የጥይቱን ጠባይ ሊያውቅ አይችልም።

የንጽጽሩ መነሻ ሆኖ የሚያገለግለው 308 ዊንቸስተር የሚባለው ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀው የአሜሪካው ኤም-1 ጠመንጃ 63 ሚሊሜትር ርዝመት ባለው ቀለህ የተሞላ ጥይት ይጎርስ ነበር። ቀለህ ማለት ባሩዱን የሚይዘውና አረሩ አፉ ላይ የሚሰካበት የናስ ዕቃ ነው። የባሩድ ጥራት ሲሻሻል ይኸው ቀለህ ወደ 51 ሚሊሜትር አጠረና፣ በ1952 ለሲቪል ገበያ 308 ዊንቸስተር ተብሎ ወጣ፤ ወታደራዊ አቻውንም ኔቶ በ1954 ተቀበለው። ለውድድር የሚዘጋጀው 11.3 ግራም አረር ከአፈሙዝ በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ሆኖም የውድድሩ ዋና ርቀት ወደሆነው 1,000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር፣ ሲቃረብ ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ስለሚወርድ፣ አረሩ በዚህ ሽግግር ሊናወጥ ይችላል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ከታሰቡት ጥይቶች ዝነኛው፣ የአሜሪካው ሆርናዲ ኩባንያ በ2007 ያዘጋጀው 6.5 ክሪድሙር ነው። ስሙን ያገኘው በ1873 በኒውዮርክ ከተከፈተው ጥንታዊ የተኩስ ሜዳ ሲሆን፣ አስተሳሰቡም እንግዳ አይደለም፤ ስዊድን 6.5 ሚሊሜትር አረር የሚተኩስ የጦር ጠመንጃ የተቀበለችው በ1894 ነበርና። ቀጭንና ረጅም አረር ከክብደቱ አንጻር አየሩ የሚይዘው በጥቂቱ ስለሆነ ፍጥነቱን ይቆጥባል፤ ይህ አየርን ሰንጥቆ የማለፍ ችሎታ በባለሙያዎች ዘንድ ባሊስቲክ ኮኤፊሸንት ይባላል። ከጎን በሰከንድ 4.5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የ308ን አረር በ1,000 ያርድ ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ሲገፋው፣ የክሪድሙርን 9 ግራም አረር ግን የሚገፋው ከሁለት ሜትር በታች ነው። ኤፍ ክላስ በሚባለው፣ ተኳሹ በደረቱ ተኝቶ ጠመንጃውን በድጋፍ ላይ በሚያስቀምጥበት ውድድር፣ አሥር ነጥብ የሚያስገኘው ክብ በዚህ ርቀት ስፋቱ 25 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ነፋስን ጥቂት አሳስቶ የገመተ ተኳሽ በ308 የሚያጣውን ነጥብ በክሪድሙር ሊያድነው ይችላል።

ይህ ማለት ግን ክሪድሙር በሁሉም መስክ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ኤፍ ቲ አር በተባለው የኤፍ ክላስ ምድብ የሚፈቀዱት 308 ዊንቸስተርና 223 ረሚንግተን ብቻ ሲሆኑ፣ ኤፍ ኦፕን በተባለው ምድብ ግን እስከ 8 ሚሊሜትር ድረስ ማንኛውም ውፍረት ይፈቀዳል። በአፈሙዝ ዕድሜም 308 ይበልጣል፤ እንደ አያያዙ አምስት ሺህ ተኩስና ከዚያም በላይ ጥራቱን ጠብቆ ሲያገለግል፣ የክሪድሙር አፈሙዝ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሺህ ባለው ውስጥ መለወጥ ይፈልጋል። በሌላ በኩል በአገር ቤት ሚዛን ቢታይ የሁሉ አለቃ ሊባል የሚችለው 338 ላፑዋ ማግነም፣ ከ16 ግራም በላይ የሚመዝነውን አረር ከ1,000 ያርድ አልፎ እንኳ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ያደርሰዋል፤ ነገር ግን ርግጫው ትከሻን ያደክማል፣ ዋጋውም ልምምድን ያሳጥራል። እንዲያውም ከድጋፍ ወደ ድጋፍ እየተዘዋወሩ በሚተኩሱባቸው የአሜሪካ ውድድሮች ብዙዎች የሚመርጡት 6 ሚሊሜትር የሆኑትን ትናንሽ ጥይቶች ነው፤ ምክንያቱም ርግጫው ሲቀንስ ተኳሹ አረሩ የት እንዳረፈ በራሱ መነጽር ያያል፣ ቀጣዩንም ያርማል።

ወጥነትን በተመለከተ የውጭዎቹ ተኳሾች የተተኮሰውን ቀለህ ለቅመው መጠኑን ያስተካክላሉ፣ በቂጡ ላይ አዲስ ማቀጣጠያ ይሰካሉ፣ ባሩዱንም በጥንቃቄ መዝነው ራሳቸው ይሞሉታል። የባሩዱ መጠን ጥቂት ሲለያይ የአረሩ ፍጥነት ስለሚለያይ፣ በቅርብ ርቀት የማይታየው ልዩነት በ914 ሜትር ላይ አንዱን አረር ከሌላው በታች ያሳርፈዋል።

አካባቢውም የራሱ ድርሻ አለው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ አንድ ዓይነት ጥይት በኢትዮጵያ ደጋ ፍጥነቱን ይበልጥ ይጠብቃል፣ በነፋስም በጥቂቱ ይገፋል፤ በባሕር ዳርቻ የተስተካከለ የ308 ማነጣጠሪያም እዚህ በ1,000 ያርድ ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ላይ ሊያስት ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ የተገኘ የተኩስ ሠንጠረዥ እንዳለ ወደ ሌላው ሊወሰድ አይገባውም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ስፖርት ከመሞከራቸው በፊት ሕጉን ማወቅ አለባቸው፤ በፌዴራል ሕግ ቋሚ ነዋሪዎች ጠመንጃ ሊይዙ ሲችሉ፣ በጊዜያዊ ቪዛ የገቡ ሰዎች ግን ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ ተከልክለዋል። በኢትዮጵያም የመሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ ብቻ የሚመራ ነው። ሕጉ ለፈቀደለት ጀማሪ ምርጫው ከባድ አይደለም፦ በኤፍ ቲ አር ለመወዳደር የሚያስብ 308 ዊንቸስተርን፣ ከዚህ ምድብ ውጭ ያለ ደግሞ 6.5 ክሪድሙርን ይያዝ፤ ለማግነም የሚያወጣውን ገንዘብም ለልምምድ ጥይት ያውለው።