ሩዝ ከባሕር ማዶ፥ ስኳር ድንች ከጎረቤት

አንባቢ ሆይ፥ ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ጅጅጋ ብትሄድ፥ ለምሳ የሚቀርብልህ ሩዝ ወይም ፓስታ መሆኑ አይቀርም። የአገሩ ሰው አንዱን ባሪስ፥ ሁለተኛውን ባስቶ ይለዋል። የፍየል ሥጋና ሙዝ ታክሎበት ጠግበህ ትነሣለህ። ነገር ግን ያ ሩዝ ከወዴት እንደ መጣ ጠይቀህ ታውቃለህን?

ሩዙ አብዛኛውን ጊዜ ከእስያ በመርከብ መጥቶ በርበራ ይራገፋል፤ በሐርጌሳ በኩል አልፎም በቶጎ ውጫሌ ወደ አገራችን ይገባል። ከቶጎ ውጫሌ እስከ ጅጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሌላው ወገን፥ የካራማራን ተራራ ተሻግረህ ወደ ሐረር ስትጓዝ፥ ባቢሌን በመሰለው ስፍራ ገበሬው ስኳር ድንች ይተክላል። ታዲያ የሩቁ የቅርቡን ስለ ምን አሸነፈው?

አንደኛው ምክንያት ስኳር ድንች አብዛኛው ክብደቱ ውሃ በመሆኑ ነው። ለጭነት ይከብዳል፤ ከተቆፈረም በኋላ በሙቀት አገር ሳይቆይ ይበሰብሳል። ሩዝ ግን ደረቅ ስለ ሆነ በጆንያው ወራት ይቀመጣል። ሁለተኛው የንግዱ አካሄድ ነው። የአርብቶ አደሩ በግና ፍየል በበርበራ በኩል ወደ ዐረብ አገር ይሻገራል፤ ከሽያጩም ገንዘብ ሩዝ፥ ስኳርና ዘይት ተገዝቶ ይመለሳል።

ሦስተኛውን ምክንያት ያየሁት በተከራየሁበት ቤት ነው። አከራዬ ባልቴት ነበሩ፤ እኔም እንደ አገሩ ደንብ “ኤዶ” እላቸው ነበር፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስኳር ድንች ገዝቼ ብሰጣቸው፥ ቀቅለው ለልጆቹ አደሉና ለእኔ ሩዝ አቀረቡልኝ። ምነው ብላቸው፥ “ይህ የልጅ መክሰስ ነው እንጂ ለሰው ፊት አይቀርብም” አሉኝ። ልጆቹ ግን አንድም አላስተረፉም።

ነገሩ የምግብ ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት ያህል፥ ሳዑዲ ዐረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለውን የከብት በሽታ ፈርታ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን እንስሳ ከለከለች። በጉን መሸጥ ያቃተው አርብቶ አደር ሩዙን በምን ይግዛ? ደግሞም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ በውጭ ገንዘብ የሚገዛው ሁሉ ተወደደ። የወር ደመወዝህን የምትቆጥር ጸሓፊ ከሆንህ ይህን እኔ ልነግርህ አያስፈልግም።

በሰላማዊ ውቅያኖስ ናውሩ የምትባል 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች ደሴት አለች። ፎስፌት ሽጣ በበለጸገች ጊዜ ምግቧን ከሞላ ጎደል ከውጭ ማስመጣት ለመደች። ፎስፌቱ ተመናመነ፤ ልማዱ ግን ቀረ፤ የስኳር በሽታም በሕዝቡ ላይ በረታ። ናውሩ በባሕር ስለ ተከበበች ይቅር እንበላት። ጅጅጋ ግን በስተ ምዕራቧ ገበሬ እያለላት እንደ ደሴት የምትመገብበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ሩዝ ይቅር አልልህም፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ስኳር ድንች ከማዕዱ ቢቀርብ፥ ነጋዴው ገዢ መኖሩን አውቆ ዘወትር ያመጣል፤ ገበሬውም ይተክላል። ሥጋው ብርቱካን መልክ ያለው ዐይነት ደግሞ ለዐይን የሚበጀውን ቪታሚን ኤ የሚሰጥ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ከተቀበሉት አራት ሊቃውንት ሦስቱ የተሸለሙት በዚሁ ዐይነት ላይ ባከናወኑት ሥራ ነው። ሊቃውንት የተሸለሙበትን ምግብ እኛ ለእንግዳ ማቅረብ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ አንተ ተማሪም ብትሆን የመንግሥት ሠራተኛ፥ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ጥቂት ኪሎ ገዝተህ ግባ። ቤትህ እንግዳ ሲመጣም አትደብቀው፤ ከሩዙ ጎን አቅርበው።