በጋቢዬ የሸፈንኩት ፊት

በበና አገር ያለችው የካኮ ከተማ ሰኞ ሰኞ ገበያ ናት። በልጅነቴ አባቴ ከበናና ከአሪ ገበሬዎች የገዛውን ማርና ቅቤ በአይሱዙ አስጭኖ አዲስ አበባ ሲወርድ፣ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ እኔንም ያስከትለኝ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ኮንሶ ላይ ሹፌሩ ቆመና በኬሻ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ከዕቃው ላይ አስጫነ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ዋካ ነው፤ ፈረንጅ ይገዛዋል።»

እኔ የሰማሁት «ዋጋ» ሲል ነበር። ለብዙ ዓመት ስሙ እንደዚያ መሰለኝ።

አርባ ምንጭ ሳንደርስ ኬሻው ተቀደደ። ከእንጨት የተጠረበ የሰው ፊት ብቅ አለ፤ ዓይኖቹ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተሠሩ፣ ነጫጭ። እንዳያየኝ በጋቢዬ ሸፈንኩት።

ምን እንደነበረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ኮንሶ ጀግናው ሲሞት መቃብሩ ላይ የእሱን፣ የሚስቶቹን፣ የጣላቸውን ጠላቶችና አውሬዎች ምስል ጠርቦ ያቆማል። እኛ ጭነን የሄድነው ከሰው መቃብር የተነቀለ ነበር።

ዛሬ አዲስ አበባ ስሄድ መንገዴ በሆሳዕናና በቡታጅራ ነው፤ ጢያ ሳልወርድ አላልፍም። 36 ትክል ድንጋዮች፣ 32ቱ ጎራዴና ክብ የመሳሰለ ምልክት የተቀረጸባቸው። ያገሬው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ከግራኝ ግን ይቀድማሉ፤ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን እንደቆሙ ይገመታል፤ ሥራቸው ሲቆፈርም የወጣቶች አፅም ተገኝቷል። በዚያው ዘመን እንግሊዝ አገር፣ በገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ አንዳንዱ ሟች መቃብሩን በሚከድነው ድንጋይ ላይ ሰይፍ ይቀረጽለት ነበር። የሁለቱ አገር ሰዎች ሳይተዋወቁ ለሙታናቸው አንድ ነገር አሰቡ።

ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ ተመዘገበ። ዛሬ አጥርም ጠባቂም አለው። ድንጋዩን ክብደቱም ጠብቆታል። የኮንሶን እንጨት ግን ሁለት ሰው ተሸክሞ ያሳልፈዋል፤ አንድ ልጅ ደግሞ ጋቢ ያለብሰዋል። የኮንሶ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 ሲመዘገብ ብዙው ዋካ ከመቃብሩ ተነቅሎ ሄዶ ነበር።

በኮንሶዋ ካራት ከተማ፣ ከስርቆት የተረፉት በተሰበሰቡበት ሙዚየም ገብቼ ያን ፊት ፈለግሁ። አንድ በአንድ አየኋቸው። የለም።

ሳሎናችሁ ውስጥ ዋካ ያቆማችሁ ካላችሁ፣ ለጀግናው ልጆች መልሱላቸው።