የእድሩ መዝገብ በአሮጌው ኮምፒውተር

የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ዛሬም የሚይዙት በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ውዝፍ አለበት፣ ለየትኛው ቀብር ስንት ወጣ፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው።

ልጃቸው «አባዬ፣ አንድ ቀን አልነሳም ቢልስ?» ብላ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። የአሮጌው ፍላሽ ማስገቢያ ከተበላሸ ቆይቷል። ሁለቱን በኔትዎርክ ኬብል አገናኘች፤ ለአንዱ 192.168.0.1፣ ለሌላው 192.168.0.2 አድራሻ ሰጠች፤ የወርክግሩፑን ስም አንድ አደረገች፤ የመዝገቡን ፎልደር ሼር አደረገች። ላፕቶፑ ግን አልከፍትም አለ።

ኤክስፒ ፋይል የሚያጋራው ኤስኤምቢ 1 በተባለው አሮጌ መግባቢያ ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በሜይ 2017 ደግሞ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ በዚሁ መግባቢያ ቀዳዳ ገብቶ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር አሽመደመደ። አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ኤስኤምቢ 1ን ዘግተው የሚመጡት በከንቱ አይደለም።

«አብሪውና ተገላገይ» የሚላት አልጠፋም። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው፤ መቼ እንደሚጠፋ አይናገርም። እሷ ዋይፋዩን አጠፋች፣ በላፕቶፑ ላይ የኤስኤምቢ 1ን ተቀባይ ክፍል ብቻ አበራች፣ መዝገቡን ገለበጠች፣ መልሳ ዘጋችው። ለኤክስፒው ጌትዌይ አልሞላችለትም፤ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል?

በማግስቱ ጠዋት አባት አሮጌው ፊት ተቀምጠው የወሩን መዋጮ ይመዘግባሉ። «የላፕቶፑ ፊደል ያደክመኛል» አሉ።

ልጅቷ ኬብሉን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠች። በወሩ መጨረሻ ያስፈልጋታል።